ማርክ ሊስቱ፣ ዕቅዱና ቀጠሮው በአንድ ስልክ፦ ጊዜ ለሚያጥረው መምህር የአሠራር መመሪያ

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና ባለቀ ሰሞን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ምን እንደሚመስል መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ስም ይጠራል፣ ሌላው ይሞላል፤ ካልኩሌተሩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሮስተሩ (የክፍሉ ውጤት ማጠቃለያ ቅጽ) ላይ አንድ ረድፍ ከተዘለለ ከዚያ በታች ያለው ተማሪ ሁሉ የጎረቤቱን ውጤት ይዞ ይገኛል። እኔ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስድስት ሴክሽን አለኝ፤ የአንዱ የክፍል ኃላፊም ነኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ካርዷን ይዛ መጣችና «ቲቸር፣ የኅዳሩ ኩዊዝ ላይ እኮ 9 ነው ያመጣሁት» አለችኝ። ማርክ ሊስቴ፣ ማለትም የውጤት መመዝገቢያዬ ላይ ያለው 4 ነበር። ማርክ ሊስቴን አመንኩ። የታረመውን ወረቀት ያገኘሁት መጋቢት ላይ፣ በሌላ ሴክሽን ወረቀት መሃል ተሰክቶ ነው። 9 ነበር። ውጤቷ ተስተካከለ፤ ካርዱን ግን አባቷ ቀድሞ አይቶታል። ልጅቷ ምንም አላለችኝም፤ ዝምታዋ ነው የከበደኝ። ሥራዬን እንደ አዲስ ማደራጀት የጀመርኩት ያኔ ነው።

አሁን የምሠራው በአራት ነገር ነው፦ በስልኬ ካሌንደር፣ በጎግል ሺትስ (ሠንጠረዥ መሥሪያ)፣ በጎግል ድራይቭ (ፋይል ማስቀመጫ) እና በቴሌግራም። ሁሉም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው፤ መካከለኛ ስልክም ይሸከማቸዋል። አምስተኛ አልጨመርኩም፣ እናንተም ለጊዜው አትጨምሩ። በየስብሰባው አዲስ አፕ የሚያሳይ ሰው አይጠፋም፤ እኔ ያየሁት ችግር ግን ያው አንድ መረጃ በሦስት ቦታ መበተኑ ነው፦ ግማሹ ውጤት ደብተር ላይ፣ ግማሹ ስልክ ውስጥ፣ የቀረው ወረቀቱ ላይ። ስለዚህ አንድ ነገር አንድ ቤት ብቻ ይኑረው። ቀን ያለው ነገር ሁሉ ካሌንደር ውስጥ፣ ቁጥር የሆነው ሺት ውስጥ፣ ወረቀት የነበረው ፎልደር ውስጥ፣ ለሰው የሚነገረው ቴሌግራም ላይ።

ስልኩን ከመንካታችሁ በፊት

አንድ ወረቀት አራት አጥፋችሁ ለአንድ ሳምንት በኪሳችሁ ያዙ። ፈልጋችሁ ያጣችሁትን፣ ሁለት ጊዜ የጻፋችሁትን፣ ረስታችሁት ሌላ ሰው ያስታወሳችሁን ነገር በአንድ በአንድ መስመር አስፍሩ። የእኔ ወረቀት ላይ የዲፓርትመንት ስብሰባ፣ የአምና ፈተና ኮፒ፣ የሲፒዲ (የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ፋይል፣ የአንድ ወላጅ ስልክ ቁጥርና አምስት ጊዜ ያህል «ውጤት» የሚል ቃል ነበር። ደጋግሞ የመጣውን አስቀድሙ። ለእኔ ማርክ ሊስቱ ነበር፤ ሒሳብ ለምታስተምረው ባልደረባዬ ቀጠሮ ነበር። ሁሉንም በአንድ ቅዳሜና እሁድ ለመሥራት የሞከረ ሰው ማክሰኞ ላይ ሲተወው አይቻለሁ። በአንድ ሳምንት አንዱን ብቻ ትከሉ።

ካሌንደሩን ከእኛ ሰዓትና ከእኛ ወር ጋር ማስታረቅ

ስልኩ የሚያስበው በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ነው፤ ትምህርት ቤቱ በእኛ። ብዙው ስህተት የሚወለደው በሁለቱ መሃል ነው።

መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቀንና ሰዓት ከሚለው ስር የ24 ሰዓት አቆጣጠሩን አብሩ። ምክንያቱን በምሳሌ ላሳይ። የከሰዓት ፈረቃ 6:30 ላይ ይገባል እንበል። 6 ስትደምሩበት 12:30 ነው። በባለ 12 ሰዓቱ አቆጣጠር 12:30 የሚባል ነገር ሁለት ነው፤ አንዱ ቀትር፣ አንዱ ሌሊት። እኔ የሌሊቱን መርጬ ማንቂያው ቤተሰቤን በሌሊት ቀሰቀሰ፤ በቀን ግን ዝም አለ። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ 20 ደቂቃ ጠበቀኝ። በ24 ሰዓት አቆጣጠር ቀትሩ 12:30፣ ሌሊቱ 0:30 ስለሆነ አይምታታም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከጠዋት 1:00 ጀምሮ እስከ ምሽት 12:59 ድረስ 6 ደምሩ፦ ጠዋት 2:00 ማለት 8:00፣ ከሰዓት 9:15 ማለት 15:15 ነው። ከምሽት 1:00 ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት 18 ደምሩ፦ ማታ 2:00 ማለት 20:00 ነው። ይህችን በወረቀት ጽፋችሁ ከስልኩ ሽፋን ጀርባ አኑሯት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አያስፈልጋችሁም።

ቀጥሎ የክፍለ ጊዜ ድልድላችሁን አንድ ጊዜ አስገቡ። 9ኛ ቢ ሰኞ ሦስተኛ ፔሬድ ከሆነ ሰኞን ከፍታችሁ መነሻና ማብቂያ ሰዓቱን ሙሉ፣ በየሳምንቱ ይደገም የሚለውን ምረጡ፣ ማብቂያውን የመንፈቅ ዓመቱ የመጨረሻ የትምህርት ቀን አድርጉት። ማብቂያ ያልተሰጠው ነገር ክረምቱን ሙሉ ካሌንደሩ ላይ ተኝቶ ዓይን ያታክታል። ርዕሱ ላይ «9ኛ ቢ» ብቻ በቂ ነው። ለየፔሬዱ ማስታወሻ አታብሩ፤ ለዚያ ደወል አለ። ማስታወሻ የሚያስፈልገው ደወል ለማይደወልለት ነገር ነው፦ ለስብሰባ፣ ለፈተና ጥያቄ ማስረከቢያ፣ ለሱፐርቪዥን፣ ለተረኝነት ሳምንት። ለእነዚህ ሁለት ሁለት ማስታወሻ ስጡ፤ አንዱ ለመዘጋጀት ከሦስት ቀን በፊት፣ አንዱ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በፊት።

የበዓላት ነገር ሰፋ ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ሲነግሥ ከድሬ ወደ ቁልቢ የሚወስደው መንገድ በተሳላሚ ይሞላል፤ ክፍል ውስጥም ተማሪ ይሳሳል። በዚያ ሰሞን ኩዊዝ አልቀጥርም። ቀኑ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 28 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን 29 ይሆናል። የ2019 ጳጉሜን 6 ቀን ስለሆነች የ2020 ታኅሣሥ 19 የሚውለው ዲሴምበር 29 ላይ ነው። ስለዚህ የእኛን በዓል በየዓመቱ ይደገም አትበሉት፤ በየመስከረሙ በእጃችሁ አስገቡት። ዒድ አልፈጥርና ዒድ አልአድሐ ደግሞ በየዓመቱ ከአምናው 10 ወይም 11 ቀን ያህል እየቀደሙ ይመጣሉ፤ የሚቆርጣቸውም ጨረቃ ነው። ለእነሱ ሁለት ተከታታይ ቀን «ዒድ ሊሆን ይችላል» ብዬ እይዛለሁ። ሐረር የሚያስተምሩ ጓደኞቼ ከዒድ አልፈጥር በኋላ ስድስቱ ቀን ጾም አልቆ የሚከበረውን፣ ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. የመዘገበውን ሸዋል ዒድን ይጨምራሉ። የፈተና ቀን በዓል ላይ መዋሉን ተማሪ ቀድሞ ሳይነግራችሁ እናንተ ብታውቁት፣ የተጾመበትም የተነገሠበትም ቤት ይከበራል።

ማርክ ሊስቱ

ከሁሉ የምለፋበት ይህ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ስም በመተየብ አትጀምሩ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ወይም ሬከርድ ክፍል ዘንድ ስሙ በኮምፒውተር ተጽፎ ስለሚገኝ ሶፍት ኮፒውን ጠይቁ። ወደ 340 የሚጠጋ ስም ከነአያት መተየብ ሁለት ምሽት ይበላል፤ በዚያ ላይ «ኃይሌ» እና «ሀይሌ» ተለያይተው ኋላ ሲፈለጉ አይገኙም። ፋይሉን ወደ ጎግል ሺትስ አስገቡና «2018 ባዮሎጂ 9ኛ» ብላችሁ ሰይሙት። እያንዳንዱ ሴክሽን በዚያው ፋይል ውስጥ የራሱ ሺት ይኑረው።

የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የምዘናው ስምና ቀን፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከስንት እንደሚታረም ይጻፍ፦ ከ5፣ ከ10፣ ከ20። የተማሪው ስም የሚጀምረው ከሦስተኛው ረድፍ ነው። በግራ በኩል ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስምና ፆታ ይገባሉ። የስሙ ቅደም ተከተል ከወረቀቱ ስም መጥሪያ ጋር አንድ ይሁን። ተማሪ ቢለቅ ረድፉን አትሰርዙ፤ ከስሙ ጎን «ለቋል» በሉ። አዲስ የመጣው መጨረሻ ላይ ይግባ። ተራ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር የተለያየ ቀን ሮስተር ስትሞሉ ያ የድሮው መንሸራተት ይመለሳል።

ከዚያ ስሙንና ርዕሱን ፍሪዝ አድርጉ። የስሙን ዓምድ ፊደል ተጭናችሁ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ፍሪዝን ምረጡ፤ ሁለተኛውን ረድፍም እንዲሁ። ወደ ቀኝ ብትሄዱ ስሙ፣ ወደ ታች ብትወርዱ ርዕሱ ከዓይናችሁ አይጠፋም። በስልክ ጠባብ ስክሪን ላይ ይህ ካልተደረገ የአንዱን ውጤት ለሌላው መስጠት የማይቀር ነው። የዚያች ልጅ 9 እንዴት 4 እንደሆነ ሳስበው፣ ደብተሬን በማስመሪያ ሳልከልል አንድ መስመር ስቼ መሆን አለበት።

ውጤት ስታስገቡ ሁለት ሕግ ያዙ። አንደኛው፣ ውጤቱ ሺት ላይ ሳይገባ ወረቀቱ ለተማሪ አይመለስም። ሁለተኛው፣ ለቀረ ተማሪ ዜሮ አይጻፍም፤ «ቀ» ይጻፋል። ሺቱ ሲደምርም ሆነ አማካይ ሲያወጣ ፊደሉን ይዘልለዋል፤ ዜሮን ግን በአማካዩ ውስጥ ይቆጥረዋል። በወሩ መጨረሻ «ቀ» ያለባቸውን አይታችሁ ማካካሻ ትሰጣላችሁ። ዜሮ ብትጽፉ ግን የታመመውና ያላጠናው ልጅ አንድ መስለው ይቀራሉ።

ድምሩን እንዲህ ሥሩ። በመጀመሪያው ተማሪ ረድፍ መጨረሻ ያለውን ባዶ ሴል (ሳጥን) ንኩ፣ የእኩል ምልክት (=) ጻፉ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ሰም (SUM) የሚለውን ቃል ጻፉ፣ ቅንፍ ክፈቱ፣ ከመጀመሪያው ምዘና እስከ መጨረሻው ያሉትን ሴሎች በጣታችሁ ጎትታችሁ ምረጡ፣ ቅንፉን ዝጉ። ከዚያ ያን ሴል ኮፒ አድርጋችሁ ከስሩ ያሉትን የተማሪዎች ሴሎች ሁሉ መርጣችሁ ፔስት አድርጉ። ስድሳ ተማሪ በአንድ ጊዜ ይደመራል።

የክፍል ኃላፊ ለሆናችሁ ደረጃ ማውጣቱ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ይህ ነው። ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ የሚጻፈው ቃል ራንክ (RANK) ይባላል፤ በቅንፍ ውስጥ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የልጁን አማካይና የክፍሉን ሁሉ አማካይ የያዘውን ዓምድ። በሁለቱ መሃል ኮማ ይገባል። የክፍሉን ዓምድ ስትጽፉ ከረድፍ ቁጥሮቹ ፊት የዶላር ምልክት አድርጉ። ያለ ዶላሩ ኮፒ ካደረጋችሁት የሚወዳደሩበት ክልል አብሮ እየወረደ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ልጅ ከእሱ በታች ከተጻፉት ጋር ብቻ ይወዳደራል፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ያለውም ልጅ ምንም ቢያመጣ አንደኛ ይወጣል። ፊደሉ ዘ ወይም የ የሆነ ልጅ በድንገት አንደኛ ሲሆን ካያችሁ ዶላሩን ተመልከቱ። እኩል ያመጡ ሁለት ልጆች ሁለተኛ ቢወጡ ቀጣዩ አራተኛ ይሆናል፤ ይህ ስህተት አይደለም።

ስም ስታስተካክሉ ወይም በውጤት ስታሰልፉ የስሙን ዓምድ ብቻ መርጣችሁ ሶርት አታድርጉ። ስሙ ተንቀሳቅሶ ውጤቱ ባለበት ሊቀር ይችላል። ይህ ቢደርስባችሁ ምንም ሳትነኩ ወዲያው ወደ ኋላ መመለሻውን ቀስት ተጫኑ። በውጤት ማሰለፍ ካስፈለጋችሁ መጀመሪያ የሺቱን ኮፒ አውጥታችሁ በኮፒው ላይ ሥሩ።

ከመዝጋታችሁ በፊት ሦስት ተማሪ መርጣችሁ በካልኩሌተር ደምሩ፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከመሃል፣ አንዱን ከታች። ከ10 በሚታረም ዓምድ ውስጥ ከ10 የሚበልጥ ቁጥር አለመኖሩንም እዩ፤ 7 ለማለት 70 መጻፍ በስልክ ቀላል ነው። ፊርማና ማኅተም የሚያርፍበት የወረቀቱ ሮስተር እንደሆነ አትርሱ። ሺቱ ለወረቀቱ ያዘጋጃችኋል፤ ወረቀቱ ግን ይቀጥላል።

አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ «አቦ፣ እኔ በእስክሪብቶ ካልጻፍኩት አልተጻፈም» ይላል። ለእሱ ያልኩት በየዓርቡ የማርክ ሊስቱን ገጽ በቀን ብርሃን ፎቶ እያነሳ አንድ ፎልደር ውስጥ እንዲያስቀምጥ ነው። እያደረገው ነው። ደብተሩ ቢጠፋ ከአንድ ሳምንት ሥራ በላይ አይጠፋበትም።

ዕቅድ፣ ፈተናና የት እንደደረስኩ

ድራይቭ ላይ «2018» የሚል ፎልደር ክፈቱ፤ ውስጡ በክፍል ደረጃ፣ በዚያ ውስጥ ሦስት ብቻ፦ ዕቅድ፣ ፈተና፣ መጽሐፍ። ከዚህ በላይ ከከፈላችሁት የት እንዳስቀመጣችሁ መፈለግ ራሱ ሥራ ይሆናል። የፋይሉ ስም ላይ የሳምንቱን ቁጥር በሁለት አኃዝ ጻፉ፦ «ዕቅድ 9ኛ ሳምንት 03»። ዜሮዋ ከሌለች ብዙ ጊዜ 10 ከ2 ቀድሞ ይሰለፋል። በእጅ የጻፋችሁትን የድሮ ፈተና ድራይቭ ውስጥ ያለው የስካን ቁልፍ ፎቶ አንስቶ ወደ ፒዲኤፍ ይቀይርላችኋል። የመማሪያ መጽሐፉን ፒዲኤፍ ደግሞ ዋይፋይ ባገኛችሁበት አንድ ጊዜ አውርዱት፤ በየቀኑ በዳታ አትክፈቱት።

አማርኛ መተየብ ለሚያዘገያችሁ፣ የጎግል ኪቦርድ ላይ አማርኛን ከጨመራችሁ በኋላ የማይክሮፎን ምልክቱን ተጭናችሁ መናገር ትችላላችሁ፤ እየሰማ ይጽፋል። ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ስርዓተ ነጥብም አያውቅም፤ ግን ለቃለ ጉባኤና ለወላጅ ደብዳቤ ረቂቅ ጊዜ ያተርፋል።

እኔን ከሁሉ የጠቀመኝ ትንሽ ነገር «የት ደረስኩ» የምላት ሺት ናት። ስድስት ዓምድ፣ ስድስት ሴክሽን፤ በግራ ቀኑ። ከክፍል እንደወጣሁ፣ ቀጣዩ ክፍል ሳልደርስ በመተላለፊያው ላይ ሦስት ቃል እጽፋለሁ። 9ኛ ኤ ሴል ሜምብሬን ላይ ሲደርስ 9ኛ ሲ በስብሰባና በበዓል ተበልቶ ገና ማይክሮስኮፕ ላይ ሊሆን ይችላል። ስድስቱም በአእምሮ አይያዙም። ፈተና ሳዘጋጅ ይህችን ከፍቼ ወደ ኋላ የቀረውን ሴክሽን አያለሁ፤ ያልተማሩትን አልጠይቃቸውም። ሱፐርቫይዘር ሲመጣም የዓመቱ ዕቅድ የቱ ጋ እንደዘገየና ምክንያቱን በቀን ለይቶ ማሳየት ይቻላል።

ቴሌግራም፦ ተማሪና ወላጅ

ለክፍላችሁ ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ክፈቱ። ግሩፕ ውስጥ ስድሳ ልጅ እስከ እኩለ ሌሊት ያወራል፣ የቤት ሥራውም በስቲከር መሃል ይጠፋል። ቻናል ላይ የምትጽፉት እናንተ ብቻ ናችሁ፤ አባላቱም አንዱ የሌላውን ዝርዝር አያይም። ከዚያ በፊት ግን ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ገብታችሁ ስልክ ቁጥራችሁን ማንም እንዳያይ አድርጉ። በተለይ ሴት መምህራን ይህን አስቀድሙ።

መልእክት ከጻፋችሁ በኋላ የመላኪያውን ቀስት ተጭናችሁ ብትቆዩ መልእክቱን በቀጠሮ መላኪያ ይመጣል። እሁድ ረፋድ ላይ ቁጭ ብዬ የሳምንቱን ማስታወሻ ሁሉ ጽፌ እያንዳንዱን በቀኑ ምሽት 18:30 እንዲሄድ እቀጥራለሁ። እኔ ያኔ ልጆቼን እራት እያበላሁ ነው።

አንድ ነገር ግን ከልቤ እጠይቃችኋለሁ፦ ቴሌግራም ላይ ብቻ ተነግሮ የሚያስቀጣ ነገር አይኑር። በየክፍሉ ቤቱ ውስጥ ስማርት ስልክ የሌለ ልጅ አለ፤ የእናቱን ስልክ ማታ ብቻ የሚያገኝ ልጅም አለ። የቤት ሥራው መጀመሪያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ቻናሉ ያስታውሰዋል። ውጤትም በጅምላ አይለጠፍም። የስድሳ ልጅ ሮስተር ፎቶ አንስቶ ግሩፕ ላይ መጣል ተለምዷል፤ ስልሳኛ የወጣው ልጅ ግን ያን ፎቶ ዓመቱን ሙሉ ተሸክሞት ይዞራል። አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ አዋጁ ባይኖርም የልጁ ውጤት የልጁና የቤተሰቡ ነው። ለየብቻ ንገሯቸው።

ወላጆችን በተመለከተ፣ ድሬ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ የሚነገርበት ቤት ልጆች አብረው ተቀምጠዋል። ሦስት አጫጭር መልእክት አዘጋጁ፦ የስብሰባ ጥሪ፣ የተደጋጋሚ መቅረት ማሳወቂያ፣ የምስጋና። ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ እያስተረጎማችሁ በሦስቱም ቋንቋ አስቀምጡ፤ ከዚያ ስም ብቻ እየቀየራችሁ በተራ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይሄዳል። ማንበብ ለማይቀናቸው ደውሉ፤ ቴሌግራም ካላቸው በድምፅ ላኩ። ታይዋንና ቀፊራ በሚባሉት የድሬ ገበያዎች የሚነግዱ ወላጆች ጠዋት እጃቸው ሥራ ላይ ነው፤ ቀትር ላይ ደግሞ በዚህ ሙቀት ሰው ጥላ ውስጥ ገብቶ ያርፋል። እኔ የምደውለው ከምሽቱ 12:00 እስከ 1:30 ነው። የምስጋናውን መልእክት አታስቀሩ። ከትምህርት ቤት ሲደወል ልጁ አጠፋ ማለት ብቻ የሚመስለው ወላጅ፣ አንድ ጊዜ «ልጅዎ በዚህ ወር አንድም ቀን አልቀረችም» የሚል ቢደርሰው ለሚቀጥለው ስብሰባ ይመጣል።

የትምህርት ቤቱን ግሩፖች ሁሉ በአንድ ፎልደር አድርጋችሁ ከማታ 2:00 በኋላ ድምፃቸውን አጥፉ። ለተማሪዎቼ ይህን በመስከረም ነግሬያቸዋለሁ፤ ተቀብለውታል።

መብራት፣ ሙቀትና የጠፋ ስልክ

ሺትስና ድራይቭ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ግን ቀድማችሁ ካዘዛችኋቸው ብቻ ነው። ከፋይሉ ስም ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭናችሁ ኦፍላይን እንዲገኝ የሚለውን አብሩ። ለማርክ ሊስቱና ለ«የት ደረስኩ» ይህን ዛሬውኑ አድርጉ። ኔትወርክ ሲመለስ ራሱ ያስተካክላል፤ እስከዚያ ግን በሌላ ስልክ ያንኑ ፋይል አትንኩ።

ብዙ የስልክ አምራቾች ስልኩ እስከ 35 ዲግሪ ባለ ሙቀት ውስጥ እንዲሠራ ነው የሚመክሩት፤ ድሬ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከዚያ ታልፋለች። በመስኮት አጠገብ ፀሐይ ላይ፣ ወይም ባጃጅ ፊት ለፊት መስታወቱ ስር የተቀመጠ ስልክ ይግላል፣ አንዳንዱም ራሱን ያጠፋል፤ ባትሪውም ቶሎ ያረጃል። በሙቀት ሰዓት ቻርጅ አታድርጉ፤ ቻርጅ ላይ ያለውን ስልክ ከሽፋኑ አውጡት። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የፈተና ሳምንት ፓወር ባንኩ ከዋዜማው ሙሉ ይሁን።

በወሩ መጨረሻ ማርክ ሊስቱን በኤክሴል ፋይል አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። የጎግል ነፃው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ ኢሜይሉም ፎቶውም ከዚያው ይቆርጣሉ። የቤተሰብ ቪዲዮ ሲሞላው የትምህርት ፋይሉም አይገባም፤ ስለዚህ ለሥራ ብቻ ሌላ አካውንት ክፈቱ።

ስልኩ ቢሰረቅስ? የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ፤ ጎግል የሚሰጣችሁን አሥር የመጠባበቂያ ቁጥሮች በወረቀት ጽፋችሁ ቤት ከሰነዶቻችሁ ጋር አኑሩ። ሲም ካርዱ ከስልኩ ጋር ከሄደ የሚላክላችሁ ኮድ ወደ ሌባው ነው የሚሄደው፤ ያኔ የምታድናችሁ ያቺ ወረቀት ናት። አንድ ቀን በባለቤታችሁ ወይም በወንድማችሁ ስልክ ገብታችሁ ሞክሩት። ያልተሞከረ መጠባበቂያን አልተማመንበትም።

ዓርብ፣ የመጨረሻው ፔሬድ ካለቀ በኋላ

ሠላሳ ደቂቃ ስጡት፤ ካሌንደሩ ላይም በየሳምንቱ ይደገም ብላችሁ አስገቡት። ያልገባ ውጤት ይገባል። ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ የላካችኋቸው ፎቶና ማስታወሻዎች ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ቀን ያለው ወደ ካሌንደር፣ ቁጥሩ ወደ ሺት፣ ወረቀቱ ወደ ፎልደር። የሚቀጥለው ሳምንት ካሌንደር ይታያል። እኔ ይህን የምሠራው ከዚራ ሰፈር ጥላ ስር ሻይ ይዤ ነው፤ ቤት ከገባሁ አልሠራውም።

ሰኔ ላይ ካርድ ታድሎ ሲያልቅ አንድ ሥራ ይቀራል። የዓመቱን ፋይል በፍላሽ አድርጋችሁ ለትምህርት ቤቱ ሬከርድ ክፍል አስረክቡ፤ ቀጣዩ መምህር የትኛው ርዕስ ላይ ጊዜ እንዳጠረ እንዲያውቅ «የት ደረስኩ»ን ለዲፓርትመንቱ ስጡ። የወላጆችን ስልክ ቁጥርና የተማሪዎችን ፎቶ ከግል ስልካችሁ አጥፉ። ከዚያ «2018» የሚለውን ፎልደር ዝጉና ባዶ «2019» ክፈቱ፤ ስሞቹ መስከረም ላይ ይመጣሉ።